«ቦታው ከብክለት ነጻ ነው» የሚል ወረቀት ሊሸጡላችሁ ነው፦ ድሬ ላይ አሮጌ ጋራዥ ለምትገዙ

ድሬዳዋ ውስጥ ጋራዥ፣ ማደያ ወይም የዘይት መጋዘን የነበረበት ግቢ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ለአፈርና ለውሃ ምርመራ ብር እንዳትከፍሉ።

እኔና ሸሪኬ ለገሃሬ አካባቢ ያየነው ግቢ ድሮ የናፍጣ ታንከር ተቀብሮበት ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። መሬቱ ይመርመር አልን። ደላላው ያመጣው «አማካሪ» 85 ሺህ ብር ጠይቆ ግማሹን ቅድሚያ ወሰደ። ቆይቶ ማህተም የበዛበት ጥራዝ አመጣ፤ መጨረሻው ላይ «ቦታው ከብክለት ነጻ ነው» ይላል። ሠንጠረዡ ላይ ግን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)፣ የውሃ ጥንካሬ፣ ክሎራይድ፣ ናይትሬት ተደርድሯል እንጂ ስለ ናፍጣ አንድ መስመር የለም። ያልፈለጉትን ነገር «አላገኘንም» ብሎ ማህተም መምታት ይሄ ነው።

ናሙናውን ሲወስድ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የያዘው አካፋና ፌስታል ነው። ታንከሩ የወጣበት ጉድጓድ በሰሌክት (ከሌላ ቦታ በመጣ የሙሌት አፈር) ተሞልቶ ተጠቅጥቋል፤ እሱም ያንኑ ሰሌክት ስንዝር ያህል ጫር ጫር አድርጎ፣ ከአራት ጥግ አንስቶ፣ በአንድ ፌስታል ደባለቀው። ናፍጣ የሚያፈሰው ከታንከሩ ሥር ነው። ከዚያ ወደ ታች ይሰርጋል እንጂ ከሌላ ቦታ በገልባጭ ወደመጣ አፈር ሽቅብ አይወጣም። የድሬ መሬት ደግሞ ብዙው አሸዋና ጠጠር ስለሆነ በደንብ ያሳልፋል። ስለዚህ ናሙናው ታንከሩ ካረፈበት ወለል በታች ተቆፍሮ፣ ጥልቀቱ እየተጻፈ፣ እያንዳንዱ ለብቻው በጠርሙስ መታሸግ አለበት። እንደ ቤንዚን ቶሎ የሚተን ነገር የተጠረጠረበትን አፈር ማደባለቅ ማለት የሚፈለገውን ነገር አየር ላይ አራግፎ መላክ ነው።

ውሃውማ ባሰ። የግቢው የውሃ ጉድጓድ እያለ ከሮቶው ቧንቧ በሃይላንድ ቀዳ! ፀሐይ ላይ ሲግል የሰነበተ ሮቶ ውስጥ የሚተነው ነገር ተንኖ አልቋል። ከጉድጓዱ ሲቀዳም ቢሆን መጀመሪያ የጉድጓዱ ቱቦ ውስጥ ቆሞ የከረመው ውሃ መውጣት አለበት። የተለመደው የቱቦው ውሃ ሦስት እጥፍ ነው፤ በ6 ኢንች ቱቦ 10 ሜትር ውሃ ቢኖር ወደ 550 ሊትር ማለት ነው። ወይም የሙቀቱና የፒኤቹ ንባብ እስኪረጋ ይሳባል። ናፍጣ ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ፓምፑ ከታች ጥሩ ውሃ እየሳበ ሊሸውዳችሁ ይችላል፤ ከመሳቡ በፊት የውሃው ፊት ይታይ።

ዕቃውንም እዩ። ለናፍጣ ጠቆር ያለ የብርጭቆ ጠርሙስ፣ ለቤንዚን አንዲት አረፋ ሳትቀር የምትሞላ የ40 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ ለእርሳስና ለመሰል ብረቶች ናይትሪክ አሲድ የገባበት ፕላስቲክ። ጠርሙሶቹ በበረዶ ሳጥን፣ 4 ዲግሪ አካባቢ ይጓዛሉ። የእኛ ፌስታልና ሃይላንድ በአውቶቡስ ዕቃ መጫኛ አዲስ አበባ ገቡ፤ የግንቦትን የድሬ ሙቀት ለሚያውቅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሠንጠረዡ «ናይትሬት 38» ብሎ ዝም ይላል። ናይትሬት ከሽንት ቤት ጉድጓድ እየሰረገ ድሬ ላይ የቆየ ችግር ስለሆነ ቁጥሩ ዋዛ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በናይትሬት (በሙሉ ውህዱ ክብደት) ሲለካ በሊትር 50 ሚሊ ግራም፣ በናይትሮጅን (ውስጡ ባለው ናይትሮጅን ክብደት ብቻ) ሲለካ 11 ነው። 38 በመጀመሪያው ከገደቡ በታች ነው፣ በሁለተኛው ግን የገደቡ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በየትኛው እንደተለካ ብጠይቀው «ያው ናይትሬት ነው» አለኝ።

ቀሪውን ብር አልከፈልኩም። እሱ ግን እየደወለ «ውሉ ሪፖርት ማስረከብ እንጂ ናፍጣ መመርመር አይልም» ይለኛል። ውሉን ያዘጋጀው ራሱ ነው። ስለዚህ የሚመረመረው ነገር በስም፣ የሚቆፈረው ጥልቀት በሜትር ውሉ ላይ ይጻፍ። ላብራቶሪው አክሪዲቴሽን (የብቃት ዕውቅና) አለው ሲሏችሁ ለየትኛው ምርመራ ብላችሁ ጠይቁ፤ ዕውቅናው የሚሰጠው በየምርመራው ነው። ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የተፈረመበት ቅጽ ከሌለም ሪፖርቱን አትቀበሉ።

ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ጥራዝ የተቀበላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ሠንጠረዦቹን እናስተያይ። የእኛ ቁጥሮች የእኛ ጉድጓድ ስለመሆናቸው እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።