ሁለት ሳምንት አስጠበቁኝ፣ አልተቆጨሁም

የመጀመሪያውን ጀርመን ሼፐርድ ውሻዬን የገዛሁት መንገድ ዳር፣ ከካርቶን ውስጥ ነው። «ተከትቧል» ተባልኩ። በአምስተኛው ቀን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው፤ ፓርቮ የሚባለው የቡችላ ገዳይ ቫይረስ ነበር፣ አልተረፈም። ልጄ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ሁለተኛውን ለመግዛት ሰው አጠያይቄ ለገጣፎ አካባቢ በግቢያቸው ውሻ ከሚያረቡ አንድ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ጫማዬ በሽታ እንዳያስገባ ገና በሩ ላይ በረኪና ውስጥ የተነከረ ጆንያ አስረገጡኝ። ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት ጥያቄው ወረደብኝ፦ ግቢህ ስፋቱ ምን ያህል ነው? ቀን ማን ይውላል? ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ልታስረው ነው? ሥራ ስቀጠር እንኳ እንዲህ አልተጠየቅሁም።

የቡችሎቹን እናት አሳዩኝ። ስጠጋት አልጮኸችም፤ አሸተተችኝና ተመልሳ ተኛች። ከዚያ የዳሌዋን ራጅ አምጥተው ወደ መስኮቱ አነሱና የጭኗ አጥንት ራስ ጎድጓዳው ውስጥ እንዴት ገጥሞ እንደተቀመጠ በጣታቸው እየጠቆሙ አስረዱኝ። ይህ ዘር የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ያጠቃዋል፤ ከወላጅም ይወረሳል። ራጅ የሚያሳይ ሻጭ ግን እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር።

ቡችሎቹ ገና 6 ሳምንታቸው ነበር። «8 ሳይሞላቸው ከእናታቸው አልነጥልም» ብለው ቀብድ ብቻ ተቀበሉኝ። ስረከብ የክትባት ደብተሩንና ለሦስት ቀን የሚሆን የለመደውን ምግብ ጨመሩልኝ።

ዋጋቸው ይመራል፣ ክርክርም አይወዱም። ስልክ ደግሞ ከሦስተኛው ጥሪ በፊት አያነሱም።

አሁን አራት ወሩ ነው። አንድ ጆሮው ቆሟል፣ ሌላው ወድቋል። ደውዬ ስጨነቅ «ጥርሱን ቀይሮ ይጨርስ እንጂ፣ ያኔ ይቆማል!» ብለው ዘጉብኝ።