የ3 ቀን የአርባ ምንጭ ጉዞ፦ በኮስተር፣ በአውሮፕላን ጥቅል ወይስ በቤተሰብ ኮንትራት?

በዓል ሲቃረብ ስልካችን በጉዞ ማስታወቂያ ይሞላል። «አርባ ምንጭ፣ 3 ቀን 2 ሌሊት» ይላል፤ የአዞና የዶርዜ ቤት ፎቶ አለው፤ ከሥሩ ዋጋና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይከተላል። ሁለት ማስታወቂያ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የአንዱ ዋጋ የሌላው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቀኑ ያው ሦስት ነው፣ ሐይቁም ያው ጫሞ ነው፤ ታዲያ ማን ውዱን ይመርጣል? እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲህ ብዬ ርካሹን ስይዝ ኖሬአለሁ። አሁን ግን ዋጋውን ከማየቴ በፊት የምቆጥረው ሌላ ነገር ነው፦ አርባ ምንጭ ደርሼ ከመመለሴ በፊት ስንት ሰዓት የቀን ብርሃን አገኛለሁ?

መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር

ከአዲስ አበባ በዓለም ገና፣ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሻሸመኔ ከዞራችሁ 500 ይጠጋል። የኮስተር ቡድን ዓርብ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይቀጥራል። የመጨረሻው ሰው መጥቶ መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን 12 ሰዓት ሆኗል። ቡታጅራ ቁርስ፣ ሶዶ ምሳ፣ በመሀል ሽንት ቤትና ፎቶ እየተባለ፣ ሁሉም መልካም ከሆነ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ውስጥ ከተማው ይገባል። አልጋ እስኪታደልና ሻንጣ እስኪወርድ ሊመሽ ይቃረባል። እሑድ ደግሞ ሰኞ ሥራ ስላለ ጧት በ12 ሰዓት ጓዝ ይጫናል።

ስለዚህ ዓርብ ሁለት ሰዓት ቢተርፍላችሁ፣ ቅዳሜ አሥራ ሁለት፣ እሑድ ምንም። ድምሩ 14 ሰዓት ነው።

በአውሮፕላን በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዓርብ ጧት ሄዶ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚመለስ ትኬት ከተያዘ ዓርብ ስምንት፣ ቅዳሜ አሥራ ሁለት፣ እሑድ ስድስት ሰዓት ገደማ ይገኛል፤ 26 ሰዓት ማለት ነው። እንግዲህ የአውሮፕላኑ ጥቅል የኮስተሩን እጥፍ ቢያስከፍል እንኳ፣ በስፍራው ለምታሳልፉት ለእያንዳንዱ ሰዓት የምታወጡት ገንዘብ እምብዛም አይለያይም። «3 ቀን» የሚለው ቃል አንዱ ዘንድ አንድ ቀን፣ ሌላው ዘንድ ሁለት ቀን ከምናምን ነው።

ይህ ሒሳብ የሚፈርስበት አንድ ሁኔታ አለ፤ መንገዱ ራሱ ጉብኝት ከሆነ። በዓለም ገና–ቡታጅራ መንገድ ላይ ጢያ አለ፤ ጎራዴ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች ያሉበት፣ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሥፍራ ነው። ከዋናው መንገድ ብዙም ስለማይርቅ ለአንድ ሰዓት ያህል ብትወርዱ በቂ ነው። አስተባባሪው ጢያን በጉዞ ዝርዝሩ ከጻፈና በዚያ የቦታው አስጎብኚ እንዲያስረዳችሁ ካደረገ፣ የዓርቡን መንገድ እንደ ባከነ ሰዓት አትቁጠሩት። ብዙዎቹ ግን ሳይቆሙ ያልፉታል። ጠይቁ።

የኮስተሩ ጉዞ

ከጥቂት ዓመት በፊት እናቴን ይዤ የሄድኩት እንዲህ ባለ ቡድን ነበር። ማስታወቂያው «ሁሉን ያካተተ» ይላል። እኛም አምነን ከፈልን። ጫሞ ዳር ስንደርስ አስተባባሪው በመኪናው መሀል ቆሞ «የጀልባ ለብቻ ነው» አለ። ሰው አጉረመረመ፤ ገሚሱ ከፈለ፣ ገሚሱ አልከፍልም ብሎ ተቀመጠ፤ ክርክሩ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ጀልባ የሚከራየው በጀልባ እንጂ በሰው ስላልሆነ፣ አልሄድም ያለው ሲቀር የቀረው ላይ ዋጋው ጨመረ። በመጨረሻ ተነሣን። እናቴ ብርቱካናማውን የሕይወት አድን ጃኬት አገጯ ድረስ አጥልቃ፣ በሁለት እጇ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጣለች። ሰዓቱ ገፍቶ ነፋስ ተነሥቶ ነበርና ማዕበሉ ጀልባውን ይመታ ጀመር፤ ባለ ጀልባው ከዚህ በላይ አልሄድም ብሎ መለሰን። የአዞ ገበያ እስከሚባለው ዳርቻ ሳንደርስ ቀረን። ያየነው የሁለት ጉማሬ ጆሮ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው በላይ ደጋው ላይ ወዳለው ዶርዜ ወጣን። እዚያ የተሰጠን ግማሽ ሰዓት ነበር። አንዲት እናት እንሰቱን በተሰነጠቀ ቀርከሃ እየፋቀች ነበር፤ እናቴ አጠገቧ ቁጭ ብላ ከጉድጓድ እስከ ምጣድ ያለውን ገና መጠየቅ ስትጀምር ረዳቱ «እንሂድ፣ እንሂድ!» እያለ አጨበጨበ። ያ ጭብጨባ እስካሁን ይከነክነኛል።

ይህን ያልኩት ኮስተሩን ለማጣጣል አይደለም። አብረውን የነበሩት ወጣቶች እስከ ሶዶ እየዘፈኑ፣ ከኋላ ወንበር ቆሎና ዳቦ እያቀባበሉ ሄዱ፤ ማታ ከአሳው ጥብስ በኋላ እስክስታ ወረዱ፤ ሳይተዋወቁ የመጡት ስልክ ተለዋውጠው ተለያዩ። ብቻዋን ለመጓዝ ለምትሰጋ ሴት፣ ጓደኞቿ ዕረፍት ላልገጠመላቸው፣ ደመወዟን አብቃቅታ አገሯን ለማየት ለምትፈልግ፣ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሀያ ምናምን ሰው የሚካፈለው የመኪና ኪራይ በምንም መንገድ በሌላ አይገኝም።

ለሽማግሌና ለጉልበት ሕመምተኛ ግን አልመክርም። የኮስተር መተላለፊያ ላይ የሚዘረጋው ተጣጣፊ ወንበር መደገፊያው አጭር ነው፤ ከኋላ ያለ ሰው በወረደ ቁጥር እየተነሡ ማጠፍ ግድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት በዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ቅዳሜን ጀርባውን ሲያሽ ይውላል። ስትመዘገቡ የወንበር ቁጥር ያዙ፤ «ቀድሞ የመጣ ይቀመጣል» ካሏችሁ ተጣጣፊው ለእናንተ ሊደርስ እንደሚችል ዕወቁት።

ሌላው የኮስተሩ ገደብ ነጭ ሣር ነው። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ፓርክ ስሙን ያገኘው ከሐይቆቹ ማዶ ካለው የሣር ሜዳ ነው፤ የሜዳ አህያዎቹ ያሉት እዚያ ነው። ወደ ሜዳው የሚወስደው ዓባያንና ጫሞን በሚለየው በእግዜር ድልድይ በኩል ያለው መንገድ ድንጋያማ ነው፤ ላንድክሩዘርን የመሰለ መኪና እንጂ ኮስተር አይደፍረውም። በኮስተር ቡድን «ነጭ ሣር ፓርክ» የሚል ብታነቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተማው ሥር ያለው ጫካና ምንጮቹ ናቸው። እነሱም ደስ ይላሉ፤ ከዛፎቹ ሥር የሚፈልቀው ውሃ ለከተማዋ ስሟን የሰጠ ነው። የሜዳ አህያ እናያለን ብላችሁ ልጆቻችሁን ቃል አትግቡላቸው እንጂ።

በአስጎብኚ ድርጅት የተዘጋጀው ጥቅል

ትኬት፣ ሆቴል፣ መኪና፣ ጀልባና አስጎብኚ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ትልቁ ጥቅሙ ችግር ሲመጣ የሚደወልለት ሰው መኖሩ ነው። በረራ ቢሰረዝ፣ ክፍል ለሌላ ቢሰጥ ተከራካሪው እናንተ ሳትሆኑ ድርጅቱ ነው። ከውጭ ለአጭር ፈቃድ ለመጣ ወገን፣ ከአሥር ቀን ዕረፍቱ ሁለቱን በመንገድ ከሚያሳልፍ ይሄን ቢከፍል ይሻለዋል ባይ ነኝ። ከውጭ የመጣችሁት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጥ በረራ ቅናሽ እንዳለ ጠይቁ፤ ድርጅቱ በዚያ ዋጋ ገዝቶ በሙሉው እንዳያስከፍላችሁ። ቢጫ ካርዳችሁንም (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን) አትርሱ፤ የፓርክ መግቢያ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የተለያየ ነው።

በጥቅል ስትገዙ የሆቴሉ ኮከብ ብቻ አይበቃም፤ በየትኛው ሠፈር እንዳለ ጠይቁ። አርባ ምንጭ ከላይ ሴቻ፣ ከታች ሲቀላ ናት። ሴቻ ገደሉ ጫፍ ካሉት ማረፊያዎች ጧት በር ስትከፍቱ ጫካው ከእግራችሁ ሥር ነው፤ በአንድ ወገን ደለል ያቀላው ዓባያ፣ በሌላው ሰማያዊው ጫሞ ይታያል። ሲቀላ ይሞቃል፣ ገበያና መናኸሪያ ይቀርበዋል። የጥቅሉ ዋጋ ሲረክስ ብዙውን ጊዜ የተቀየረው ይሄ ነው።

ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ደግሞ የተጻፈው ዋጋ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ታስቦ መሆኑን ላስታውስ። ለብቻ መተኛት ጭማሪ አለው፤ ካልሆነ ከማታውቁት ሰው ጋር ትደባለቃላችሁ። ይህ በኮስተሩም ያው ነው።

የቤተሰብ ኮንትራት፣ እና እኔ የምመርጠው

ከስድስት እስከ አሥር የሆነ ቤተሰብ ሃይሩፍ ከነሹፌሩ ቢከራይ፣ ሰዓቱ የራሱ ይሆናል። የመኪናው ኪራይ በቀን ነው፤ ነዳጅና የሹፌር አበል ገብቶ እንደሆነና እንዳልሆነ መጀመሪያ ተነጋገሩ። ሦስት ሆናችሁ ብትከራዩት ግን ባዶ ወንበር ነው የምትከፍሉት፤ ለዚያ አይመከርም። ቅዳሜ ማታ ሹፌሩ ነዳጅ እንዲቀዳ አድርጉ። ለእሑድ ጧት ያቆየ ሰው ሰልፍ ከገጠመው ምሳውን እዚያው አርባ ምንጭ ይበላል።

እኔ በሁለተኛው ጊዜ ያደረግሁት ከጥቅሉና ከኮንትራቱ የተቀላቀለ ነው። የአውሮፕላን ትኬቱን ራሴ ቆረጥሁ፤ መኪናና አስጎብኚ ግን እዚያው ከአርባ ምንጭ ያዝሁ። ከአካባቢው አስጎብኚዎች ጋር ስትነጋገሩ ጀልባውን ለማለዳ ይይዙላችኋል፤ ዶርዜም የማን ግቢ ብትገቡ በወጉ እንደሚያስተናግዱ ያውቃሉ። ከጥቅሉ ረከሰ፣ ከኮስተሩ ተወደደ። ብልሽት ቢመጣ ተጠያቂው እኔው ነበርኩ፤ ለአራት ሰው ልሸከመው የምችለው ነገር ነው፣ ለአሥራ አምስት ሰው ግን አልደፍረውም።

ያን ጊዜ ጫሞ ላይ በማለዳ ደረስን። ውሃው እንደ መስታወት ነበር፤ አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው አሸዋው ላይ ተኝተዋል። ዶርዜ ደግሞ ሙሉ ጧት ቆየን። የቀርከሃው ቤት ሲሠራ ረጅም እንደሆነ፣ ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየዓመቱ እንደሚያጥር፣ ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞት ወደ ሌላ ቦታ እንደሚያዛውረው ነገሩን። እናቴ የቀርከሃውን መፋቂያ ተቀብላ ሞከረች፤ ልጃገረዶቹ ሳቁባት፣ እሷም ሳቀች። ከኮባ ቅጠል የወጣውን ትኩስ ቂጣ በማርና በዳጣ በላን። ወደ ማጀቱ ጨለማ ገብታ ጢሱ ዓይኗን እያስለቀሳት ላሞቹ የሚያድሩበትን ጎን አየች። የቸኮለ ሰው ይህን አያገኝም።

ከመክፈላችሁ በፊት

ወቅቱን እዩ። አርባ ምንጭ ዋናው ዝናቧ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፤ የፋሲካ ጉዞ የሚሸጥላችሁ ሰው የዶርዜ አቀበት ቢጨቀይ ምን እንደሚያደርግ ይንገራችሁ። መስከረም ላይ ለመስቀል የጋሞ ልጅ ሁሉ ከሽሮ ሜዳ ሸማ ሥራውን አቁሞ አገሩ ይገባል፤ በዓሉ ለማየት የሚያጓጓ ነው፣ መኪናና አልጋ ግን በጣም ይጠብባል። እኔ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን እመርጣለሁ። ከተማው ቆላ ነው፣ ወባ አለበት፤ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ። ዶርዜ ደጋ ነው፤ በሸሚዝ የወጣ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ጋቢ ያዙ።

ያካተተውን ሳይሆን ያላካተተውን በጽሑፍ ጠይቁ። ጀልባ፣ የፓርክ መግቢያ፣ የቦታ አስጎብኚ፣ የዶርዜ መግቢያ፣ ምሳና እራት፣ እያንዳንዱን በስሙ ጥሩና «አለ» ወይም «የለም» ይበሉላችሁ። በስልክ «አታስቡ» ከሚላችሁ ይልቅ በቴሌግራም «ጀልባ የለም» ብሎ የሚጽፍላችሁን እመኑ። የንግድ ፈቃድና የብቃት ማረጋገጫ ያለው ድርጅት ለመላክ አያመነታም፤ ደረሰኝም ይቆርጣል።

ቀብድ ስትልኩ የምትልኩበት ሒሳብ በድርጅቱ ስም ይሁን በግለሰብ ተመልከቱ። መንገድ በጸጥታ ምክንያት ቢዘጋ፣ ወይም ሰው ሳይሞላ ጉዞው ቢቀር፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ ቀድመው ይጻፉላችሁ። «ወደሚቀጥለው ጉዞ እናዛውረዋለን» የሚለው መልስ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ሊያስኬድ ይችላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ሪያድ ለሚመለስ ሰው ግን ገንዘቡ ጠፋ ማለት ነው።