የሀገራችን ዘንባባ ወይስ ዋሽንግቶኒያ፣ ባህር ዳር ላይ የቱን እንትከል?

ባህር ዳር ቤት የሰራ ሰው አብዛኛው ግቢው ላይ ትልቅ ዘንባባ ይፈልጋል፣ ጥያቄው የቱን ነው፣ የሀገራችንን (የኛውን) ወይስ ከውጭ የመጣውን ዘንባባ ዋሽንግቶኒያን።

ዋጋ፦ የኛው ከስሩ ቡቃያ ስለሚያወጣ ጎረቤት ካለው ለምኖ ነቅሎ መትከል ይቻላል። ዋሽንግቶኒያ በዘር ብቻ ነው የሚራባው፣ ስለዚህ ችግኝ መግዛት ነው።

እድገት፦ ዋሽንግቶኒያ ያሸንፋል፣ በአንድ ግንድ ቶሎ ተመዞ 25 ሜትር ሊደርስ ይችላል። የኛው ቀስ ይላል።

ቦታ ላይ ግን ረጋ ብላችሁ አስቡ። የኛው በአንድ ግንድ አይቆምም፣ ቡቃያው እየበዛ ዙሪያውን ይይዛል፣ ቅጠሉ ስር ያለው እሾህ ደግሞ በጣም ይወጋል ልጆች ካሉ ከመንገድ አርቁት፣ ሶስት አራት ግንድ ብቻ ትታችሁ ሌላውን ገና በለጋነቱ ከቆረጣችሁት ግን እኔ እንደሱ የሚያምር ዛፍ አላውቅም።

ዋሽንግቶኒያም እሾህ አለው። ከዛ በላይ የሚያሳስበኝ የደረቀው ቅጠል ነው፣ ሳይወድቅ ግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ አይጥ ይደበቅበታል እሳትም ቶሎ ይይዘዋል፣ ሲረዝም ማን ወጥቶ ያፀዳዋል?

ጥቅም፦ እዚህ ላይ የኛው ሩቅ ይሄዳል። ለሆሳዕና ቅጠል፣ ለሰሌን፣ ለወፍ ፍሬ (ወንድና ሴቴው ለየብቻ ስለሆነ ፍሬ ከፈለጋችሁ ሁለቱም ያስፈልጋሉ)።

ጠባብ ግቢ ወይ ውሃ የሚያጥርበት ቦታ ከሆነ ዋሽንግቶኒያ ይሁን። ሰፊ ቦታ፣ ሀይቅ ዳር፣ አባይ ዳር፣ ቤተክርስቲያን ቅጥር ከሆነ የኛውን ትከሉ።