ቢሾፍቱ ጨለለቃ ላይ ወፍ ለማየት ሁለት ጊዜ ሄደን ያየነው ልዩነት (የሱባ ደንም አለበት)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ የምኖረው እስራኤል ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ ዘንድሮ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከአስራ አንድ ዓመት ልጄ ጋር ሀገር ቤት ገብተን አምስት ሳምንት ቆይተን ነው የተመለስነው። ሰው ብዙ ጊዜ ሪቪው የሚጽፈው ስለ ሆቴል ነው፣ ስለ ሬስቶራንት ነው፣ እኔ ግን አሁን አዲስ አበባ ላይ በየሳምንቱ እሁድ ስለሚደረጉት የተፈጥሮ ጉዞዎች ነው መጻፍ የፈለኩት፣ ምክንያቱም ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው ከምንም በላይ የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ ግን ከማን ጋር እንደምትሄዱ ካላወቃችሁ ብራችሁንም ጠዋታችሁንም ታጣላችሁ።

መጀመሪያ ለምን ወፍ እንዳልኩ ልንገራችሁ። እኛ ጋ በሰሜን በኩል ሁላ የሚባል ሸለቆ አለ፣ ክረምት ሲገባ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ክሬን የሚባሉ ወፎች ይሰፍሩበታል፣ በዕብራይስጥ አጉር ነው የሚሏቸው። ልጄ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ይሄን ወፍ ሲያይ ነው ያደገው፣ በትራክተር በሚጎተት ጋሪ ተሳፍረን መሀላቸው ድረስ እንገባ ነበር (በጦርነቱ ጊዜ ሰሜኑ ሲዘጋ ግን ቀረብን)። አንድ ቀን እዛ ያለችው አስጎብኚ ከነዚህ ወፎች የተወሰኑት እዚህ አርፈው እስከ ኢትዮጵያ ነው የሚወርዱት ስትል ሰማና ልጄ ዞሮ «እማ እኛ ሀገር ነው የሚሄዱት?» አለኝ፣ ከዛ በኋላ አላስቀመጠኝም። ነገሩ እውነት ነው፣ ኢስቶኒያና ፊንላንድ ውስጥ መከታተያ መሳሪያ የታሰረላቸው ክሬኖች ክረምቱን ኢትዮጵያ ሲያሳልፉ ታይተዋል። ከጥቅምት መጨረሻ ገደማ ይመጣሉ፣ የካቲት ላይ መመለስ ይጀምራሉ።

ከሽመላ ጋር ግን አታምታቱት፣ ብዙዎቻችን ረጅም እግር ያለውን ሁሉ በደፈናው ሽመላ እንላለን እንጂ ክሬን ሌላ ነው፣ ግራጫ ሆኖ አንገቱ ጥቁርና ነጭ፣ አናቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃያ የሚደርስ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ወፍ ነው። ሽመላ ለኛ የራሱ ቦታ አለው፣ እናቴ ጎንደር ልጅ እያለች ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ልጆቹ ሁሉ ቀና ብለው ኢየሩሳሌም እንዴት ናት ብለው ይጠይቁት እንደነበር እስከ ዛሬ ታወራለች፣ ስለዚህ ልጄ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ወፍ ሲል እናቴ እንባዋ ነው የመጣው።

እና የመጀመሪያው ጉዞ። ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ግሩፕ ነው፣ ስሙን አልጠቅስም፣ ቢሾፍቱ ጨለለቃ ወፍ ማየት ብሎ ለጥፏል (ጨለለቃ ቢሾፍቱ ያለ ወፍ የሚያርፍበት ውሃ ነው)፣ በሰው 1,500 ብር፣ ለልጅ ቅናሽ የለውም። ቅዳሜ ሻባት (የአይሁድ ሰንበት) ስለሆነ አልጓዝምና እሁድ መሆኑ ተመቸኝ። እኔ ቴሌብር ስለሌለኝ ያክስቴ ልጅ ከፈለችልኝ። መስቀል አደባባይ 11 ሰዓት ተኩል ሌሊት ተባልን፣ እኛ በሰዓቱ ደረስን፣ ኮስተሮቹ የተነሱት 2 ሰዓት ሲያልፍ ነው ምክንያቱም ሰው እየተጠበቀ፣ ቁርስ እየተገዛ፣ ፎቶ እየተነሳ። ፈጣን መንገዱ ጥሩ ነው መኪናውም ንፁህ ነበር ግን ደርሰን ከመኪና ስንወርድ 3 ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ፀሐዩ ወጥቷል፣ ክሬኖቹ አንድም የሉም። ይሄ ወፍ እኮ ማታ ውሃው ውስጥ ቆሞ ነው የሚያድረው፣ ጅብና ቀበሮ ሲመጣበት በውሃው ድምፅ እንዲሰማ፣ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ወደ ማሳ ይሄዳል፣ ቀኑን ሙሉ ጤፍና ስንዴ ከታጨደበት መሬት ላይ ሲለቅም ውሎ ጀምበር ስትጠልቅ ነው የሚመለሰው። ይሄን የማያውቅ ሰው ወፍ ላሳያችሁ ብሎ ብር መሰብሰብ የለበትም።

ከዛ ስፒከር አወጡ። ሐይቁ ዳር ዘፈን ተከፈተ፣ አንዱ ድሮን አስነሳ፣ የነበሩት ዳክዬዎችና ነጫጮቹ ወፎች ተነስተው ወደ ማዶ ሄዱ። አስጎብኚ ተብሎ አብሮን የመጣውን ልጅ ልጄ አንዱን ወፍ እያሳየው ይሄ ምንድነው ብሎ በተሰባበረ አማርኛው ጠየቀው፣ ልጁ ስልኩ ላይ ስለነበር አልመለሰለትም፣ ደግሞ ጠየቀው፣ አልመለሰለትም። እሱ ነው ከሁሉ ያንገበገበኝ። ምሳው ጥሩ ነበር፣ በያይነቱ አዝዤ ነበር እሱም መጣልኝ፣ ቡናውም ተፈልቷል፣ መዝናናት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ቅር የሚል ቀን አይደለም፣ ወፍ ለማየት ሄጄ ግን ወፍ ሳላይ ነው የተመለስኩት። ስመለስ ለአዘጋጁ በደንብ ጽፌለታለሁ፣ ይቅርታ ብሎኛል፣ ብር ግን አልመለሰም።

ሁለተኛውን ያገኘችልኝ ያችው ያክስቴ ልጅ ናት። ቢሾፍቱ ተወልዶ ያደገ አንድ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ እሁድ እሁድ የሰፈር ተማሪዎችን ይዞ ጨለለቃ ይወርዳል፣ ድርጅት አይደሉም፣ ሁለቱ መምህራን ናቸው፣ እና ከውጪ የሚመጣ ሰው እስከ ስምንት ድረስ ይቀበላሉ፣ እሱ የሚከፍለው ለልጆቹ ሻይና ዳቦ ለደብተርና ለትራንስፖርት ይሆናል። እኛን በሰው 2,000 ብር አስከፈሉን፣ ለልጄ ግማሽ። ቅዳሜ ማታ ሻባት ሲወጣ ሄደን ቢሾፍቱ አንድ ፔንሲዮን አደርን፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጅ መጥቶ ወሰደን፣ በሰዓቱ፣ አንድ ደቂቃ አላሳለፈም።

ብርዱ ከባድ ነው፣ ጋቢ ያዙ። ልጆቹ አስራ አራት ነበሩ፣ በጨለማ ተሰልፈው ቁጭ ብለዋል፣ አንድም የሚያወራ የለም፣ ልጄ እጄን ጨምቆ ይዞኛል። ምንም አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው፣ ውሃው ላይ የቆሙት እርስ በርስ ሲጠራሩ፣ ከዛ ምሥራቁ ቀላ ሲል ግራጫ መስመር ሆነው ታዩ፣ እኔ መጀመሪያ አጥር ነበር የመሰለኝ። አንድ ሁለቱ ተንደረደሩ፣ ከዛ ቤተሰብ ቤተሰብ ሆነው አባት እናት ልጅ፣ አባት እናት ሁለት ልጅ፣ ከጭንቅላታችን በላይ እየጮሁ ወደ ማሳው። ወጣቱ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «እህቴ ልጁን እይው» አለኝ፣ ዞሬ ሳየው ልጄ አፉን ከፍቶ እያለቀሰ ነው።

ከዛ በኋላ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው። አንድ ቴሌስኮፕ ነው ያላቸው፣ ከሰው የተሰጣቸው ነው አሉኝ፣ ልጆቹ በየተራ ያያሉ ማንም አይጋፋም፣ ደብተር ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር ይጽፋሉ፣ የወፉን ስም በኦሮምኛም በአማርኛም በእንግሊዝኛም። የዘንድሮ ልጅ በምን እንደሚታወቅ አስተማሩት ለልጄ፣ ጭንቅላቱ ቡናማ ነው ቀዩም ገና አልወጣም። እሱ ደግሞ ሁላ የቀረፀውን ቪዲዮ ስልኬ ላይ አሳያቸው፣ አማርኛው አልበቃ ሲለው እኔ እያስተረጎምኩ ጋሪውን፣ ትራክተሩን፣ በቆሎ የሚበተንላቸውን፣ ልጆቹ በቆሎ መበተኑን አላመኑም። እዛ በቆሎ የሚሰጣቸው የገበሬውን ኦቾሎኒ እንዳይበሉ ነው፣ ግን አንድ ቦታ ብዙ ሲሰበሰቡ በሽታም ይመጣል፣ በ2021 እንደ ፈረንጆቹ የወፍ ጉንፋን ገብቶ ከ5,000 በላይ ሞተው ውሃው ላይ ሲንሳፈፉ ዓይናችን አይቷል። ወጣቱ ይሄን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና እዚህ በራሳቸው ለቅመው ቢበሉ ይሻላል አለ።

ማሳው ጋ ስንሄድ ሽምብራ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት አገኘን፣ ወንጭፍ ይዘዋል። አባባ ወፎቹ ያስቸግሩዎታል ወይ አልኳቸው። «ልጄ የወደቀውን ቢበሉ ምን አለ፣ ያልደረሰውን ሲረግጡብኝ ነው እንጂ» አሉኝ፣ እኔም እንዴት ከሩቅ ሀገር እንደሚመጡ ስነግራቸው «አውቃለሁ፣ ልጅ ሆኜም ይመጡ ነበር፣ ያኔ ውሃው እስከዛ ነበር» ብለው በእጃቸው አሁን ቤት የተሠራበትን አሳዩኝ። ጨለለቃ ዝናቡን ተከትሎ የሚሰፋና የሚጠብ ጥልቀት የሌለው ውሃ ስለሆነ ሰው ሐይቅ ነው አይለውም፣ ደረቅ ሲሆን ባዶ መሬት ይመስላል። ሁላም እኮ እንደዛው ረግረግ ነው የማይጠቅም ነው ተብሎ እንደ ፈረንጆቹ በ1950ዎቹ ለእርሻ ደርቆ ነበር፣ አፈሩ ተበላሸ፣ ሲቃጠልም ነበር፣ በ1994 እንደ ፈረንጆቹ የተወሰነውን መልሰው ውሃ ሞሉት፣ ወፉ እንዳሁኑ በብዛት የመጣው ከዛ በኋላ ነው። ስንት ገንዘብ ፈሶበት የተመለሰ ነገር ነው፣ እኛ ያለንን ሳይደርቅ ብንይዘው ምናለ። የቢሾፍቱ ልጆች ደብተር ላይ የሚጽፉት ቁጥር አንድ ቀን ማስረጃ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሱባ ባጭሩ። መናገሻ ሱባ ደን በሌላ እሁድ ከሌላ ግሩፕ ጋር ሄደናል፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘር መጥቶ ተተከለ የሚባለው ጥንታዊ ደን። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ጉሬዛ ቅርብ ሆኖ አይተናል፣ ድኩላም አንዴ አልፎናል። የደኑ አስጎብኚ የአካባቢው ልጅ ነው፣ ረጋ ብሎ የሚያስረዳ፣ ለሱ ግን ግሩፑ ከከፈልነው ላይ አልሰጠውም፣ በኋላ ነው የገባኝ፣ ስለዚህ ስትመዘገቡ የመግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መንገዱ መጨረሻው ኮረኮንች ነው፣ መኪና የሚያስመልሰው ልጅ ያላችሁ ተጠንቀቁ።

ለጨለለቃ መፀዳጃ ቤት የለም፣ ከማረፊያችሁ ጨርሳችሁ ውጡ። ቦት ጫማ ወይ የሚታጠብ ጫማ፣ ጭቃው ጥቁር መረሬ ነው አይለቅም። ደማቅ ልብስ አታድርጉ፣ ስልክ ሳይለንት። ምግብ ለሚጠነቀቅ እንደኔ ላለ ሰው የፆም ቀን ባይሆንም ሽሮ በሁሉም ቦታ አለ። ማንም አዘጋጅ ስንት ሰዓት እንነሳለን ስትሉት ከ10 ሰዓት ተኩል ሌሊት በኋላ የሚል መልስ ከሰጣችሁ ለክሬን አትሂዱ፣ ወይም ማታ 11 ሰዓት ላይ ሲመለሱ ለማየት አድርጉት፣ እሱን እኛም በዛው ቀን ቆይተን አይተነዋል፣ ጠዋቱን ባያክልም ለትንንሽ ልጆች እንደውም ይቀላል።

ልጄ ከቢሾፍቱ ልጆች የአንዱን የወንድሙን ቴሌግራም ይዞ ነው የመጣው፣ በየሳምንቱ ቁጥር ይላላካሉ። ባለፈው እሁድ ጨለለቃ የቀሩት ሁለት መቶ አይሞሉም ሌሎቹ ተነስተዋል ብሎ ጻፈለት፣ እኛም የፊታችን አርብ ጠዋት ሁላ ለመሄድ መኪና ለምነናል።