የማረፊያ ሜዳ ዕቃ ምናለሽ ተራ ማሠራት

ሣር የዋጠውን፣ ኩይሳ የበቀለበትን የግል የአውሮፕላን ማረፊያ መልሶ ለማንሣት ከሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ ይሠራል። የመንደርደሪያውን ጠርዝ የሚያመለክተው ኮንም፣ የዊንድሶኩ (የንፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየው የጨርቅ እጅጌ) ቀለበትና ምሰሶም፣ መሬት መደልደያ ጎታቹም እዚያው ያልቃል። የእጅ ሥራው የሚያስመሰግን ነው። አንድ ነገር ግን ቀድሞ መነገር አለበት፤ በተራው ጥሩ ሥራ ማለት የማይሰበር ሥራ ነው። ሥራው ባልዲና ምድጃ ሲሆን ባለሙያዎቹ ትክክል ናቸው። መንደርደሪያ ዳር የሚቆም ዕቃ ግን ክንፍ ወይም ጎማ ሲነካው እንደ ወረቀት መጨማደድ አለበት። ይህን ያላስረዳ ደንበኛ፣ ባለሙያው ከልቡ አጠንክሮለት፣ አደገኛ ዕቃ ከፍሎ ይወስዳል።

ከኮኑ እንጀምር፤ ብዙ ብር የሚወጣበትም ብዙ ሰው የሚሳሳትበትም እሱ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደረጃ፣ ያልተነጠፈ መንደርደሪያ ጠርዝ ላይ የሚቆም ኮን ቁመቱ ከ50 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። ለሜዳው ወሰን የሚቆመው ደግሞ ቁመቱ ከ50፣ የግርጌው ስፋት ከ75 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ። ስለዚህ ልክ 50 በ75 ብታሠሩ ለሁለቱም ይሆናል። ሂሳቡም የተመቸ ነው፦ ከጫፍ እስከ ግርጌ በጎኑ 62.5 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ላሜራው ላይ የሚሣለው ከሙሉ ክብ 216 ዲግሪው ነው። በአንድ ቁራጭ ካስቆረጣችሁት 1 በ2 ሜትር ላሜራ አንድ ኮን ብቻ ይወጣውና የቀረው ብጣሽ ይሆናል። እያንዳንዱን ኮን በ108 ዲግሪ ለሁለት ከፍላችሁ፣ ለመጋጠሚያ 2 ሴንቲ ሜትር ብትተዉ ግን ከአንድ ላሜራ ሦስት ግማሽ ይወጣል፤ ሁለት ላሜራ ሦስት ኮን ሰጠ ማለት ነው። 1,000 ሜትር ርዝመትና 60 ሜትር ስፋት ላለው ሜዳ፣ በመካከላቸው ከ90 ሜትር ሳይበልጥ፣ በየጎኑ 13፣ በድምሩ 26 ኮን ይበቃል። 18 ላሜራ ግዙ።

ልኩን በወረቀት ጽፎ መስጠት አይበቃም። ካርቶን ቆርጣችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለሙያው ካርቶኑን ላሜራው ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን በሚስማር ይጭርና ጭረቱን በመቀስ ይከተላል፤ 26ቱም አንድ ልክ ይወጣሉ። ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይለፍ። መጋጠሚያው ታጥፎ በመዶሻ ይመታ እንጂ አይበየድ። «እንዳይላላ» ተብሎ ግርጌው ላይ የሚጨመረውን የፌሮ ቀለበትና መስቀለኛ እንቢ በሉ፤ የወጣው ፌሮ ጎማ ይቀድዳል፣ ኮኖቹም አንዱ በአንዱ ላይ መደረብ አይችሉም። ያለ ፌሮ እንደ ባርኔጣ ተነባብረው ሁሉም ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። ሙሉውን ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ናሙና አሠርታችሁ በእግር ርገጡት። ካልታጠፈ ወፍራም ነው። ባለሙያው ሥራው ሲረገጥ ቅር ሊለው ስለሚችል ምክንያቱን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከገባው በኋላ ራሱ ይጠነቀቅላችኋል። ዋጋም በኮን እንጂ በቀን አትነጋገሩ።

በርሜል ቆርጦ ምልክት ማድረግ ርካሽ ስለሚመስል ብዙዎች ይመርጡታል። የ200 ሊትር በርሜል አግድም ለሁለት ሲከፈል ቁመቱ 44 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነውና ልኩ ያልፋል። ብረቱ ግን ወፍራም ነው፤ ንፋስ እንዳይወስደውም ድንጋይ ይሞሉታል፤ ድንጋይ የሞላ በርሜል የመታ ፕሮፔለር ሞተሩንም ይዞት ይሄዳል። ተተርትሮ መሬት ላይ ይተኛ እንዳይባል፣ የጠፍጣፋ ምልክት ደረጃ 1 በ3 ሜትር ነው፤ የተዘረጋ በርሜል ወርዱ 88 ሴንቲ ሜትር ያህል ነውና አይደርስም። ለሌላ ሥራ ከፈለጋችሁትም ነዳጅ ወይም ቲነር የነበረበትን በርሜል በግራይንደር አታስቆርጡ፤ የቀረው ትነት ይፈነዳል።

ዊንድሶክ ላይ ተራው ግማሹን ነው የሚችለው። ቀለበቱን፣ ምሰሶውንና መሽከርከሪያውን አሠሩ። ለመሽከርከሪያው ከአሮጌ ሞተር ሳይክል የፊት ጎማ የወጣ ሁለት ኩሽኔታ ይበቃል፤ በግሪስ ተሞልቶ ከላይ የቆርቆሮ ቆብ ይደረግለት። ስትመርጡ ኩሽኔታውን በጣት አሽከርክሩት፤ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ካሰማ ተዉት። በደረጃው መሠረት የሰፊው አፍ ስፋት ከ90 ሴንቲ ሜትር፣ የእጅጌው ርዝመት ከ3.6 ሜትር አያንስም። ጨርቁን ግን እዚያ የሚቀርበውን ወፍራም ሸራ አታድርጉት፤ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ይንጠለጠልና ንፋስ እያለ የለም ይላል። ቀጭን ብርቱካናማ ናይለን፣ የጃንጥላ ዓይነት፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ አሰፉ፤ የጠበበው ጫፍ ክፍት ይቅር። ደህና ዊንድሶክ በ3 ኖት ንፋስ (በሰዓት 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ) ይነቃነቃል፣ በ15 ኖት (28 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል።

ቀለም ላይ የተለመደው ቅሬታ በወራት ውስጥ ተላጠ የሚል ነው። ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን የላሜራው ነው፤ አዲስ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ላሜራ) ላይ የዘይት ቀለም በቀጥታ አይዝም። በአቼቶ እጠቡት፣ በውሃ አለቅልቁት፣ ሲደርቅ ለጋልቫናይዝድ የተሠራ ፕራይመር ቀቡ፤ ከዚያ ብርቱካናማና ነጭ።

ክብደት ጥሩ የሚሆነው ጎታቹ ላይ ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው 2 ሜትር የሆኑ ሦስት ወፍራም የሻንሲ ብረቶች በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት በሰንሰለት ይያያዙና በፒክአፕ ይጎተታሉ። ብረቱ ሰያፍ ሆኖ አፈሩን ከዳር ወደ መሐል ይግፋ፤ መሐሉ ከፍ ብሎ ውሃው ወደ ጎን እንዲወርድ፣ ከ2 በመቶ ሳይበልጥ። 18 ሜትር ስፋት ላለው መንደርደሪያ መሐሉ ከጠርዙ እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ይነሣል። አፈሩ እርጥበት ይዞ ጭቃ ሳይሆን ነው የሚጎተተው፤ ደረቅ ከሆነ አቧራ ብቻ ታስነሣላችሁ። ዋልካ መሬት ላይ ግን ጎታች ብቻውን አያዋጣም፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል፣ ቀይ አፈር ወይም ጠጠር አምጥቶ መልበስ ይፈልጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መነሻው የነበረው የልደታ ሜዳ ከዚህ ተራ ሩቅ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ዲሲ 3 አውሮፕላን የሚያርፍባቸው ብዙዎቹ የክፍለ ሀገር ሜዳዎችም አፈርና ሣር ነበሩ፤ ዕድሜያቸው የተወሰነው በውሃ መውረጃቸው ነበር።

ድልዳሎው ሲያልቅ በጠንካራ ስፕሪንግ መኪና 75 ኪሎ ሜትር በሰዓት ንዱበት፤ ተሳፋሪው ካልተንገላታ መሬቱ ደህና ነው። ኮኖቹን በመጨረሻው ቦታቸው ከመቸንከራችሁ በፊት ደግሞ አንድ አብራሪ ጓደኛ ሳያርፍ ከ300 ሜትር ከፍታ ይዙር፤ ሌሎቻችሁ ሬዲዮ ይዛችሁ ታች ሁኑ። ከመሬት ደምቆ የሚታይ ኮን ከላይ በደረቀ ሣር ውስጥ ሲጠፋ የሚያየው እሱ ብቻ ነው፤ ዊንድሶኩም በ300 ሜትር መነበብ አለበት። ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃዱ እስኪመጣ ሜዳው ዝግ ነውና መንደርደሪያው ላይ ትልቅ ነጭ የኤክስ ምልክት አስተኙ። ለዊንድሶክ የከለከልነው ሸራ ለዚህኛው ምርጥ ነው፤ በእንጨት ካስማ ወጥሩት፣ በብረት አይደለም።