የሞተሩ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ይህን የምጽፈው ጣና ላይ በጀልባ እንጀራችሁን ለምትበሉ ወንድሞቼ ነው። በተለይ አዲስ ሞተር ገዝታችሁ ከሻጩ ጋር በስልክ ስትጨቃጨቁ ለምትውሉ። አንድ ሞተር የሚጠግኑ ሰው ልጠቁማችሁ።

ስማቸውን እንዳልጠቅስ አስጠንቅቀውኛል፤ አልጠቅስም። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር የቆመ ማንኛውንም ጀልባ ነጂ "የሞተሩ ጋሼ የት ናቸው?" በሉት። ያሳያችኋል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ባለፈው ጥቅምት ዕቁብ ደረሰኝ። ከወንድሜም ተበደርኩና አሥራ ሁለት ሰው የምትጭን ፋይበር ጀልባ ከነሞተሯ ገዛሁ። ሞተሩ ካርቶኑ ያልተፈታ፣ 40 የፈረስ ጉልበት፣ የአንድ ዓመት ጋራንቲ ያለው ነው። የጋራንቲው ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመቱልኝ ልቤ ሞላ። ያን ቀን "ወንድማችን" ነበር የሚሉኝ። ቡና ጋብዘው ነው የሸኙኝ።

በዘጠነኛው ቀን ሰው ጭኜ ወደ ዘጌ ስሄድ ሞተሩ ጢጢጢ ብሎ ጮኸና ጸጥ አለ። የወንዶች ገዳም ካለባት ከክብራን ገብርኤል ደሴት ፊት ለፊት ነን። ነፋሱ ቀስ እያለ ወደ ደሴቱ ይገፋናል። አንዲት እናት ነጠላቸውን እየሰበሰቡ "እዚያማ ሴት አይገባም! እኛን የት ልትጥለን ነው?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ላብ አጥምቆኛል። በጓደኛዬ ጀልባ ተጎትተን ተመለስን።

ያን ቀን ማታ ደወልኩ። "ነገ ደውል።" በነጋታው "ባለሙያው መስክ ወጥቷል።" በሦስተኛው ቀን "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው።" ከዚያ ጭራሽ ስልኩ አይነሣም። በሚስቴ ቁጥር ስደውል ግን ወዲያው ያነሡታል። ድምፄን ሲሰሙ ኔትወርኩ ይጠፋል።

ሕግ የሚያውቅ ዘመድ አለኝ። የሸማቾች አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት የተገኘበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ የማለት መብት ይሰጥሃል አለኝ። ይህን ሲነግረኝ ሃያ ሦስተኛው ቀን ላይ ነኝ። አሥራ አምስቱ ቀን "ነገ ደውል" ሲባል አለቀ። እናንተ እንደኔ አትሞኙ። በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ አሳውቁ።

በመጨረሻ "ሞተሩን አዲስ አበባ አምጣው" አሉ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ! ላክሁት። የጭነቱም የወዛደሩም ከኪሴ። አምስት ሳምንት ቆይቶ "ታይቷል፣ ችግር የለበትም" የሚል ወረቀት ተለጥፎበት መጣ። ጀልባዋ ላይ ገጠምኩት። ሃያ ደቂቃ ሠራና ጢጢጢ። ስደውል "እምቦጭ ገብቶበት ነው፣ የአያያዝ ችግር ነው" አሉኝ። እምቦጩ የሚበዛው በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ በኩል ነው። እኔ ከባሕር ዳር ዘጌ ነው የምመላለሰው። ጣናን ለእኔ ሊያስተምሩኝ!

እዚሁ ከተማ ሁለት ቦታ ደግሞ ሞከርኩ። አንዱ ገና ምን እንደሆነ ሳይጠይቀኝ መፍቻ አወጣ። ሌላው ዞር ዞር ብሎ አየውና "ይሄ አይሠራም፤ ሌላ ግዛ፣ እኔ ጋ አለ" አለኝ።

አባቴ የታንኳ ሰው ነው። ደንገል እያጨደ፣ እያሰረ፣ ታንኳውን በገዛ እጁ እየሠራ ነው ያሳደገን። ታንኳ ውሃ ሲጠጣና ሲከብድ ወራትም አይቆይ፣ ሌላ ይሠራል። በረንዳ ላይ ስልክ ይዤ ስንቆራጠጥ አየኝና "የኔ ሲያረጅ ማጭድ ይዤ እወጣ ነበር፤ ያንተ ሲታመም ስልክ ትለምናለህ" አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የወንድሜ ብድር አለ፣ ዕቁቡ ገና አላለቀም፣ ቱሪስቱም እንደ ድሮው አይደለም። የቀረኝ ተስፋ የበዓል መንገደኛ ነው። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል።

ጋሼ ጋ የሄድኩት እንዲህ ሆኜ ነው። ዕድሜያቸውን ጣና ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ቤታቸው ቆርቆሮ ነው፤ በሩ ላይ የተሰበረ ፕሮፔለር ተንጠልጥሏል። ሞተሩን ግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ አስነከሩትና አስነሡት። መፍቻ አልነኩም። ዝም ብለው ሞተሩን አቀዝቅዞ ከኋላው የሚወጣውን ውሃ ያያሉ። ከዚያ እጄን ያዙና ከሥሩ አስቀመጡት። ውሃው ክር አክሏል። ያቃጥላል።

"ስንት ቀኑ ነው እንዲህ ከቀጠነ?"

"እኔ እንጃ ጋሼ፣ አላየሁትም።"

"ይሄ ልጅ ሽንቱ ተይዞበታል" አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅኩ።

"በሉ ይፍቱታ" አልኳቸው።

"አልፈታውም" አሉኝ። "ብፈታው ነገ ጠዋት ትሄዳለህ፣ እኔም የእጄን አገኛለሁ። ግን ያለፈቃዳቸው ከተነካ ጋራንቲህ ሞተ። ስምንት ወር ጋራንቲ እያለህ እኔ በአንድ ቀን ሥራ አልሸጥብህም።"

እስከ ዛሬ ከዚህ ነገር ሁሉ የማልረሳው ይህን ነው። ሌላው ሁሉ ኪሴን ሲያይ እሳቸው ወረቀቴን አዩልኝ።

ከዚያ ስልኬን ተቀበሉ። "ሻጩን አይደለም፣ ባለሙያውን አገናኙኝ" አሉ። እንዴት እንዳስማሟቸው አላውቅም፤ የተነጋገሩትም አልገባኝም። አራት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ብቻ ሲጨርሱ "ያልከውን በጽሑፍ ላክልኝ" ሲሉ ሰማሁ። የሞተሩን ቁጥር፣ የሚቃጠለውን ውሃ ቪዲዮ፣ የገዛሁበትን ደረሰኝ አስላኩኝ። ማታ በቴሌግራም "ይፈታ፣ ዕቃው በእኛ ወጪ ይላካል" የሚል መጣ። ሦስት ወር ሙሉ የለመንኩትን!

በአራተኛው ቀን ዕቃው በአውቶቡስ ደረሰ። ማቀዝቀዣውን ውሃ ወደ ሞተሩ የምትገፋ፣ አበባ የመሰለች ትንሽ ጎማ ናት፣ መዳፍ አትሞላም። ጋሼ አሮጌዋን ሲያወጧት ቅጠሎቿ ተበጣጥሰዋል። በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። "እንዳትጥላት። ነገ 'አያያዝ ነው' ቢሉህ ምስክርህ እሷ ናት።" አሁንም ቤቴ ምስማር ላይ ተሰቅላለች። ሚስቴ አልወደደቻትም።

የእጃቸውን 1,500 ብር አሉኝ። 3,000 ሰጠኋቸው። ግማሹን መልሰው ኪሴ ከተቱት። "ለልጆችህ ዳቦ ግዛ" ብለው ወደ በርሜላቸው ተመለሱ።

የካቲት 16 ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። እኒያ እናት እንደገና ተሳፈሩ። "ዛሬስ የት ልትጥለን ነው?" አሉኝ። ከኋላ የሚፈሰውን ውሃ አሳየኋቸው። ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ እኔም ቢሆን ያን ያህል አልገባኝም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጥልኝ። ወንድሞቼ፣ ሞተራችሁ ቢታመም ሌላ ቦታ አትንከራተቱ። እሳቸው ጋ ሂዱ። የጋራንቲ ወረቀትና ደረሰኛችሁን አትርሱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ደግሞ በጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ይተኛሉ፣ መቀስቀስ አይወዱም።