ለሳሎን ኮምፒውተር አብሮ የመጣው ግራፊክስ ይበቃል ወይስ ካርድ ይጨመር?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሳሎን ብዬ ኮምፒውተር ስገዛ የጠየቅኩት ስንት ጊጋ ራም አለው፣ ስንት ኮር ነው ምናምን ብቻ ነበር። 16 ጊጋ ራም ያለው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ይዤ ገባሁ፣ አዲሱ 4ኬ ቲቪ ላይ ሰካሁትና ከሃርድ ዲስክ አንድ የ4ኬ ፊልም ከፈትኩ፣ ከዛ ምን ልበላችሁ ድምፁ ይሄዳል ምስሉ ቆሞ ይቀራል፣ ዘሎ ይደርስበታል ደሞ ይቆማል፣ ፋኑ ከተዋናዮቹ በላይ ይጮሃል። እናቴ አስር ደቂቃ ያህል ታግሳ አየችና "ኧረ ወደ ዲሹ መልሱልኝ" አለች።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ቪዲዮ ማየት እንደ ጌም ጉልበት የሚጠይቅ ነገር አለመሆኑ ነው። ፊልም ፋይል ውስጥ የሚቀመጠው ተጨምቆ ነው፣ ያንን የሚፈታ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል ግራፊክሱ ውስጥ አለ፣ ዲኮደር ይሉታል። ዲኮደሩ የፋይሉን ዓይነት የሚያውቀው ከሆነ ፋኑ እንኳን ሳይሰማ ፊልሙ ያልቃል፣ የማያውቀው ከሆነ ግን ሥራው በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና እኔ ቤት የሆነው ይሆናል። ስለዚ ዋናው ጥያቄ ካርድ አለው የለውም ሳይሆን ዲኮደሩ የየትኛው ዘመን ነው የሚለው ነው።

አብሮ ከመጣው እንጀምር፣ ማለቴ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው። የኢንቴል ከሆነ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ፣ አይ5 7500 ማለት 7ኛ ጀነሬሽን ነው፣ 10400 ደሞ 10ኛ። አሁን ሃርድ ዲስክ ላይ የምንገለብጠው የ4ኬ ፊልም አብዛኛው የተጨመቀው ኤችኢቪሲ በሚባለው ዓይነት ነው፣ የፋይሉ ስም ላይ 265 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፣ እና ብዙ ጊዜ 10 ቢት ነው፣ ማለትም ቀለሙ ከተለመደው 8 ቢት የበለጠ ደረጃ አለው። 4ኛ እና 5ኛ ጀነሬሽን ይሄን የሚፈታ ሙሉ ዲኮደር የላቸውም፣ በ2015 የወጣው 6ኛው 8 ቢቱን ይችላል 10 ቢቱ ላይ ግን ያስቸግራል፣ 7ኛው ነው 10 ቢቱንም ዩቲዩብ ለ4ኬ የሚጠቀምበትን ቪፒ9ንም በደንብ የያዘው። ኤቪ1 የሚባለውን አዲሱን የመጭመቂያ ዓይነት የሚፈታ ለማግኘት ደሞ 11ኛ መድረስ ያስፈልጋል። ስለዚ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር የምትፈልጉ ሰዎች 6ኛ እና 7ኛ ጀነሬሽን ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ ሻጮችም ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ደርድረው ነው የሚያስቀምጡት፣ ለሳሎን ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው።

የኤኤምዲ ፕሮሰሰር የሆነው ራይዘን ላይ አብሮ የመጣ ግራፊክስ እንዲኖረው በድሮዎቹ ከቁጥሩ በኋላ ጂ የሚል ፊደል መኖር አለበት። 5600ጂ ጥሩ ነው፣ ልጆች ቀለል ያለ ጌም ቢጫወቱበትም ይችላል፣ ግን ኤቪ1 አይፈታም። ኢንቴል ላይ ደሞ ከኤፍ ተጠንቀቁ፣ 12400ኤፍ ርካሽ ሆኖ ብታገኙት ግራፊክስ ስለሌለው ነው፣ ያለ ካርድ ምስል የሚባል ነገር አይሰጣችሁም። ራሙንም ሁለት ቦታ ተከፍሎ ቢሆን እመርጣለሁ፣ አብሮ የመጣው ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከሲስተሙ ነው የሚበደረው፣ ሁለት ባለ 4 ጊጋ ከአንድ ባለ 8 ይሻለዋል።

አብሮ የመጣውን የሚያስጠላው ዲኮደሩ ሳይሆን ቀዳዳው ነው። ብዙዎቹ ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ያላቸው ዲስፕሌይፖርት የሚባል ብዙ ቲቪ ላይ የሌለ መሰኪያ ነው፣ ኤችዲኤምአይ ቢኖራቸው እንኳን የድሮው 1.4 ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደሞ 4ኬን በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው የሚያወጣው። ፊልም በሰከንድ 24 ስለሆነ ምንም አትሉም፣ ኳስ ስትከፍቱ ግን ያኔ ይታወቃችኋል፣ ኳሷ ረጅም ስትመታ አየር ላይ እየዘለለች ነው የምትሄደው፣ ማውሱም እጃችሁን ቀስ ብሎ ይከተላል። መፍትሄው ዲስፕሌይፖርቱ ላይ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር፣ 4ኬን በ60 የሚያወጣ አክቲቭ የሚባለውን አዳፕተር መሰካት ነው፣ ተራው ርካሹ አዳፕተር እዛው 30 ላይ ነው የሚያቆያችሁ።

ወደ ካርዱ ስንመጣ፣ እኔ ካርድ የምመክረው ለሦስት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው እቤቱ አሮጌ ግን ደህና የሚሠራ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ነው፣ 3ኛ 4ኛ ጀነሬሽን በለው፣ እሱ ላይ ጂቲ 1030 የሚባለውን የኤንቪዲያ ካርድ ቢጨምርበት 30 ዋት ብቻ ነው የሚበላው፣ ኤችኢቪሲ 10 ቢትና ቪፒ9 ይፈታል፣ ኤችዲኤምአዩም 2.0 ስለሆነ 4ኬን በ60 ያወጣል። በአንድ ካርድ ሁለቱም ችግር ተፈታ ማለት ነው። ያለው እጥረት ኢንኮደር፣ ማለትም ቪዲዮን መልሶ የሚጨምቅ ክፍል፣ ስለሌለው በጄሊፊን ወይ በፕሌክስ በሚባሉት ፊልም ማከፋፈያ ፕሮግራሞች ፊልሙን ለሌላ ክፍል ቲቪና ለስልክ እየቀየረ ማከፋፈል አይችልም፣ ለዛ ሥራ የኢንቴል አብሮ የመጣው ይበልጠዋል።

ሁለተኛው ጌም የሚፈልግ ነው፣ እሱ ብዙ ወሬ አያስፈልገውም፣ ካርድ ይግዛ በቃ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፣ የድሮ ነገር የሚያይ ሰው። የኛ የድሮ ክሊፖችና ድራማዎች ዩቲዩብ ላይ በ360 ወይ በ480 የተጫኑ ብዙ ናቸው፣ ትልቅ ቲቪ ላይ ሲለጠጡ ፊት ሁሉ ካሬ ካሬ ይሆናል። አርቲኤክስ ካርዶች ላይ ኤንቪዲያ በ2023 ያመጣው ብራውዘር ላይ ቪዲዮ የሚያጠራ ነገር አለ፣ የሌለ ዝርዝር አይፈጥርም፣ ግን ካሬዎቹን ያለዝባል ጠርዙንም ያጠራል። ለእናቴ አንድ የድሮ የባህል ዘፈን በሱ ስከፍትላት የዘፋኟ የቀሚስ ጥልፍ ከነመስመሩ ተለየ፣ እኔም ያኔ ነው ካርድ ለፊልም ምን ይሠራል ማለቴን የተውኩት።

ካርድ አዲስ ስለሆነ ብቻ ግን ይሻላል ማለት አይደለም። አርኤክስ 6400 በ2022 የወጣ የኤኤምዲ ካርድ ነው፣ ትንሽ ስለሆነ ለሳሎን የተሠራ ይመስላል፣ ሆኖም ኤቪ1 አይፈታም ኢንኮደርም የለውም፣ በዚህ በኩል 11ኛ ጀነሬሽን ኢንቴል ያለምንም ካርድ ይበልጠዋል። ለዚህ ነው ከዜሮ ለሚጀምርና ፊልም፣ ዩቲዩብና ኳስ ብቻ ለሚያይ ሰው ብሩን ካርድ ላይ ሳይሆን አዲስ ጀነሬሽን ላይ አውጣው የምለው፣ ድምፁ ትንሽ፣ ሙቀቱ ትንሽ፣ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱም ረዘም አድርጎ ይይዘዋል።

ሱቅ ስትሄዱ አንድ 10 ቢት የ4ኬ ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ክፈቱትና ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ ላይ ጂፒዩ የሚለውን ንኩ፣ ቪዲዮ ዲኮድ የሚለው መስመር ከፍ ብሎ ሲፒዩው ዝቅ ካለ ዲኮደሩ እየሠራ ነው፣ መስመሩ ዜሮ ላይ ተኝቶ ሲፒዩው 90 ምናምን ከሆነ ግን መጀመሪያ በሌላ ማጫወቻ ሞክሩት፣ እዛም ያው ከሆነ ወይ ዋጋው ላይ የካርድ ሂሳብ ይቀነስላችሁ ወይ ተዉት። ካርድ እጨምራለሁ ካላችሁ ደሞ ሳትከፍሉ በፊት ኬዙን አስከፍቱ፣ ቀጫጭኖቹ ኬዞች ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን አጭር ካርድ ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ እጅ ላይ የሚያዙት ሚኒዎቹ ውስጥ ደሞ ብዙ ጊዜ ካርድ መሰኪያው ራሱ የለም።